ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን መኪናውን አይሞላም

እስቲ ሁላችሁም ቀረብ በሉ! የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም፣ ዋጋ እያጠያየቃችሁ ያላችሁም፣ «እኔ ታክሲ ይበቃኛል» የምትሉም። መኪና ቤት ውስጥ ቻርጅ የሚደረግበት ነገር ገባኝ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ነገር ደግሞ ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ አቃተኝ። የኤሌክትሪክ ትምህርት አያስፈልጋችሁም። የካርድ ቆጣሪ መሙላትና የወደቀ ብሬከር ማንሳት የሚችል ሰው ሁሉ ይከተለኛል።

ነገሩ እንደሆነ የሁላችንም ሆኗል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቢዋይዲው፣ አይዲ 4ቱ፣ ሌላውም የቻይና ሥራ ድምፁን አጥፍቶ አጠገባችን ሽው ይላል። ቡና ላይ የሚነሳው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ለቤቴ የትኛውን ቻርጀር ልግዛ? ስንት ኪሎዋት ያለውን?» እኔም መቆፈር የጀመርኩት ከዚሁ ጥያቄ ነው። ወደ ውስጥ ስገባ ግን ጥያቄው ራሱ ተገለበጠብኝ።

የመጀመሪያው ጉድ ይኸውላችሁ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሳጥን መኪናውን አይሞላም። እውነቴን ነው! ባትሪ የሚቀበለው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው፤ ዲሲ ይሉታል። በቆጣሪያችን በኩል የሚገባው ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኤሲ ነው። ስለዚህ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ማሽን የግድ ያስፈልጋል። ያ ማሽን የት ነው ያለው? እዚያው መኪናው ሆድ ውስጥ! ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ተገጥሞለት ነው የሚመጣው። ከቤታችሁ ኤሲውን የሚስበውም፣ ቀይሮ ባትሪው ውስጥ የሚያስገባውም እሱ ነው።

ታዲያ ያን ያህል ብር የሚወጣበት ሳጥን ምን ይሠራል? ክዳኑ ቢከፈት ውስጡ ያለው ዋናው ዕቃ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ወፍራም፣ በኤሌክትሪክ ራሱን የሚገጥምና የሚለያይ ማብሪያና ማጥፊያ። ከጎኑ አንዲት የምታስብ ትንሽ ሰሌዳ አለች። በቃ፣ ይኸው ነው! እህል የሞላበት መጋዘን በር ላይ የቆመ ዘበኛ በሉት። የመጣውን ይጠይቃል፣ «ከዚህ በላይ መጫን አይቻልም» ይላል፣ ሲያምን ይከፍታል፣ ሲጠረጥር ይዘጋል። እህሉን የሚጭነው ግን እሱ አይደለም። የሚጭነው የመጣው እንግዳ ነው፤ እንግዳው መኪናው ነው።

አሁን እንግዳው ደጅ ሲደርስ በሁለቱ መካከል የሚደረገውን ንግግር ልንገራችሁ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

የመሰኪያውን ጫፍ ልብ ብላችሁ እዩት። የቻይና መኪኖች የሚጠቀሙበት ጂቢቲ የሚባለውም፣ የአውሮፓዎቹ ታይፕ 2ም ሰባት ሰባት መገናኛ አላቸው። ወፍራሞቹ ኃይል የሚያልፍባቸውና የኧርዙ ናቸው። ሁለቱ ግን ቀጫጭን ናቸው። እነሱ ኃይል አይሸከሙም። የሚሸከሙት ወሬ ነው!

መጀመሪያ፣ ምንም ሳይሰካ። ሳጥኑ በአንደኛዋ ቀጭን መስመር ላይ 12 ቮልት አስቀምጦ ይጠብቃል። በዚህ ሰዓት ወፍራሞቹ መገናኛዎች ላይ ምንም ኃይል የለም፤ በሩ ተዘግቷል።

ቀጥሎ፣ መሰኪያው መኪናው ላይ ይገባል። መኪናው ውስጥ ያለች ሬዚስተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ያንን 12 ቮልት ጎትታ ወደ 9 ታወርደዋለች። ሳጥኑ ይህን ሲያይ «አሃ፣ ደጅ ላይ ሰው አለ» ይላል።

ከዚያ ዘበኛው መናገር ይጀምራል። በዚያችው መስመር ላይ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ምስጢሩ ያለው በርቶ በሚቆይበት ጊዜ ላይ ነው። ከእያንዳንዷ ብልጭ ድርግም ውስጥ ከመቶ 10 እጁን ብቻ በርቶ ከቆየ «ከ6 አምፒር እንዳታልፍ» ማለቱ ነው። ከመቶ 50 እጁን ከቆየ «እስከ 30 አምፒር ውሰድ» ነው። ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ የመቶ እጁን ቁጥር በ0.6 ማባዛት። ኢንተርኔት የለ፣ የይለፍ ቃል የለ፣ አንዲት ሽቦ ብቻ!

መኪናው ይሰማል፣ ራሱን ያዘጋጃል፣ ከዚያ ሌላ ሬዚስተር ያስገባና 9 የነበረውን ወደ 6 ቮልት ያወርደዋል። «ገብቶኛል፣ ዝግጁ ነኝ፣ ክፈት» ማለቱ ነው።

ይሄኔ... ቋ!

ያቺን ድምፅ ሰምታችኋት ታውቃላችሁ? መኪናው ከተሰካ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ጸጥ ይልና ከሳጥኑ ውስጥ አንዲት ደረቅ «ቋ» ትሰማለች። ብዙ ሰው አረንጓዴውን መብራት እንጂ እሷን አያስተውልም። እሷ ግን ያ ወፍራም ማብሪያና ማጥፊያ የገጠመባት ቅጽበት ናት። በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ወሬ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኃይል ነው። 12፣ 9፣ ብልጭ ድርግም፣ 6፣ ቋ! ለእኔ ሁሉ ነገር የገጠመው እዚህች ጋ ነው። ሳጥኑ ኃይል አይገፋም፤ ልክ ይናገራል። መኪናው በተነገረው ልክ ይስባል፤ አቅሙ ካነሰ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይስባል።

ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። ያ ብልጭ ድርግም ሲል የነበረው መስመር በእርግጥ ከዜሮ በላይና ከዜሮ በታች እየተመላለሰ ነው፤ አንዴ ወደ ላይ 12፣ አንዴ ወደ ታች 12። መኪናው የሚያወርደው የላይኛውን ብቻ ነው። የታችኛውን አይነካውም፤ ዳዮድ የምትባል ወደ አንድ ወገን ብቻ የምታሳልፍ ዕቃ አስገብተውለታል። ለምን መሰላችሁ? ውሃ ወይም የሕፃን ጣት ያቺን መስመር ቢነካ የላይኛውንም የታችኛውንም እኩል ነው የሚጎትተው። ሳጥኑ ይህን አይቶ «ይሄ መኪና አይደለም» ይልና አይከፍትም። እንዴት ያለ ጥበብ ነው በሉኝ!

ደግሞ የመሰኪያውን ጫፍ እንደገና እዩት። የወሬዋ መገናኛ ከኃይሎቹ ታጥራለች። አጭር ስለሆነች ሲሰካ መጨረሻ ትደርሳለች፣ ሲነቀል መጀመሪያ ትለያለች። ስለዚህ አንድ የቸኮለ ሰው መሰኪያውን መንጭቆ ቢነቅለው ወሬው ቀድሞ ይቋረጣል፣ ሳጥኑ ኃይሉን ይዘጋል፣ ወፍራሞቹ የሚለያዩት ከዚያ በኋላ ባዶ ሆነው ነው። ብልጭታም የለ፣ ቃጠሎም የለ። ብረት ትንሽ አሳጥሮ ሰው ማዳን!

እንግዲህ ወደ ቡናው ጥያቄ ስንመለስ፣ «የትኛውን ቻርጀር?» የሚለው ለምን እንደተገለበጠ ይታያችኋል። መሞላቱን የሚወስኑት ሦስት ልኮች ናቸው፤ የቤቱ መስመር የሚችለው፣ ሳጥኑ የሚፈቅደው፣ መኪናው የሚስበው። ከሦስቱ የሚያዘው ትንሹ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ ብዙዎቹ የቤት መኪኖች በኤሲ የሚስቡት በአንድ ፌዝ 7 ኪሎዋት ገደማ ነው። እንዲህ ላለ መኪና 22 ኪሎዋት የሚል ሳጥን ብትሰቅሉለት ያው 7 ነው የሚወስደው። የተረፈው ግድግዳ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከተማ ውስጥ ያሉት ፈጣን ጣቢያዎች ግን ሌላ ናቸው፤ እነሱ ኤሲውን ወደ ዲሲ ውጭ ቀይረው በሌላ መሰኪያ በቀጥታ ወደ ባትሪው ያስገባሉ። ለዚያ ነው ማቀዝቀዣ ቁም ሣጥን የሚያህሉት። ቤት ውስጥ እነሱ አያስፈልጉንም።

የሚያስፈልገንን እናስላ። ቮልት በአምፒር ሲባዛ ዋት ይሆናል። የቤታችን 220 ቮልት ነው። የተለመደው የአንድ ፌዝ ሳጥን እስከ 32 አምፒር ይፈቅዳል፤ 220 በ32 ሲባዛ 7,040 ዋት፣ ማለትም 7 ኪሎዋት። ከመኪናው ጋር ተጠቅልሎ የሚመጣው፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ሳጥን ያለችበት ኬብል ደግሞ በ10 አምፒር 2,200 ዋት ይሰጣል። ያቺ መሀል ላይ ያለችው ሳጥንም ያው ዘበኛ ናት፤ ንግግሩም አንድ ዓይነት ነው።

«2.2 ኪሎዋት? ይሄማ ስድብ ነው» የምትሉ አትጠፉም። ቆዩ! ከምሽቱ 2 ሰዓት ሰክታችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ብትነቅሉ 10 ሰዓት ነው። 2.2 በ10 ሲባዛ 22 ኪሎዋት ሰዓት። በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነውን ስንቀንስ 19 ገደማው ባትሪው ውስጥ ይገባል። መካከለኛ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ስለዚህ ተኝታችሁ ስትነሱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጨምሮላችኋል። ከአያት ፒያሳ ሦስቴ ተመላልሳችሁበት ይተርፋል! እኔ እዚህ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ሳቅኩ። ባትሪው የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ማታ ማታ የምትተኩት ቀን የነዳችሁትን ብቻ ነው። ከባዶ እስከ ጢም መሙላት የየዕለት ሥራ አይደለም። የ7 ኪሎዋቱ ሳጥን የሚያስፈልገው ቀኑን ሙሉ ለሚሠራበት፣ ወይም ሁለት መኪና ለሚያፈራርቅ፣ ወይም ድንገት ማታ ገብቶ ሌሊት መንገድ ለሚወጣ ሰው ነው።

ወጪውንም በዚሁ ሒሳብ ታገኙታላችሁ። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ቆጣሪው ላይ 170 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጨምራል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር ደረጃው ከፍ የሚል ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር አሁን ቤታችሁ በወር ከሚጠቀመው ላይ ደምራችሁ ነው የትኛው ደረጃ ላይ እንደምትወድቁ የምታዩት።

አሁን ወደ ቤቱ መስመር እንግባ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። አያችሁ? ተራው የመኪና ኬብል ከምጣዱ ያነሰ ነው የሚወስደው! ታዲያ ምጣዱን የቻለ ቤት መኪናውን ለምን ይፈራል? ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። ምጣዱ ጋግሮ ይጠፋል፣ መስመሩም ይቀዘቅዛል። መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ይስባል። ደካማ ቦታ ካለ ሙቀቱ ላይ ሙቀት እየተደራረበ ይሄዳል።

ደካማው ቦታ የት ነው? ሶኬቱ ውስጥ ያለችው ብሎን! አንድ ኤሌክትሪሺያን ያረጀ ሶኬት በካቻቪቴ ፈትቶ አሳይቶኛል። ፊቱ ነጭና ንጹሕ ነው፤ ጀርባው ግን በአንድ በኩል ቡናማ ሆኗል፣ የሽቦው ላስቲክ ጫፉ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ብሎኗ በጣት ስትነካ ትዞራለች። በቃ፣ ችግሩ ሁሉ እዚያች የላላች ብሎን ላይ ነበር። ሽቦውና ብሎኗ በደንብ ካልተጣበቁ ኤሌክትሪኩ በጠባብ ነጥብ ተጨናንቆ ያልፋል፤ መጨናነቁ ሙቀት ይሆናል።

አሁን ደግሞ አንድ የሚያስደነግጥ ሒሳብ። አንዲት የላላች ብሎን 10 አምፒር ሲያልፍባት በ20 ዋት ትሞቃለች እንበል። 32 አምፒር ቢያልፍባትስ? ሦስት እጥፍ ስለሆነ 60 ምናምን የምትሉ ከሆነ ቆም በሉ፤ 205 ዋት ነው! ሙቀቱ የሚያድገው አምፒሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። አምፒሩ ሦስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አሥር እጥፍ ይሆናል። ሁለት መቶ ዋት ሙቀት በአንዲት ብሎን ጫፍ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ! ለዚህ ነው 32 አምፒር በሶኬት የማይሰጠው፤ ሳጥኑ በቀጥታ ከራሱ ብሬከር በወፍራም ሽቦ ይታሰራል። ለዚህ ነው ዲቫይደርና ተጠቅልሎ የተቀመጠ ማራዘሚያ የተከለከለው። ኮንዶሚኒየም ላይ ከመስኮት የሚወረወረው ኬብልም በዚሁ ሕግ ይዳኛል፤ እዚያ ከነዋሪው ማኅበር ጋር ተስማምቶ ከራስ ቆጣሪ መስመር ማውረዱ ይሻላል።

በተግባር እንዲህ ነው። ለተራው ኬብል ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የወጣ መስመር፣ ሌላ ነገር የማይሰካበት፣ ጥራት ያለው ሶኬት። ለ32 አምፒሩ ሳጥን ደግሞ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና 40 አምፒር ብሬከር የተለመደ ነው፤ ግቢው ረዥም ከሆነ ወደ 10 ከፍ ይላል። ሽቦው በረዘመ ቁጥር መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልት ስለሚበዛ ነው።

ቀጥሎ ኧርዙ። ስንቱ ሰው ነው መኪና ገዝቶ ቤቱ ሲገባ ሳጥኑ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ያለው! ሳጥኑ አልተበላሸም። ኧርዝ አጥቶ ነው። ብዙ ቤቶቻችን ሶኬት ላይ የኧርዝ ቦታ አላቸው፤ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ዝም ብለው ይሠራሉ፤ ይህ ዘበኛ ግን ይፈትሻል። ለምን ይጨነቃል? መኪናው ጎማ ላይ ነው የቆመው፤ ከመሬት ጋር አይነካካም። አንድ ቀን ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ ኃይሉ መሄጃ አጥቶ ብረቱ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የሚነካው ሰው መንገዱን ራሱ ይሆናል። ኧርዝ ካለ ግን ኃይሉ በወፍራሙ ሽቦ ወደ መሬት ይሮጣል።

መፍትሔው ቆንጆና ቀላል ነው። አንድ ሜትር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበርና ከብሬከር ሳጥኑ ጋር በመዳብ ይገናኛል። አንዳንዱ ባለሙያ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ይሞላበታል፤ እርጥበት ይዞ እንዲቆይ። እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክን በደንብ ያሳልፋል፤ ደረቅ አፈር ያስቸግራል። ስለዚህ በነሐሴ ጥሩ የነበረ ኧርዝ በየካቲት ሊደክም ይችላል። መለካት ያለበት በበጋ ነው!

እዚህ ላይ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ። «ቀላል ነው፣ ኑትራሉን ከኧርዙ ጋር ላገናኝልህ» የሚል ሰው ቢመጣ ሸኙት። ቀዩ መብራት በርግጥ ይጠፋል፤ ዘበኛው ተታሏል። ነገር ግን ያ የኑትራል ሽቦ ፖሉ ላይ ወይም ቆጣሪው ጋ አንድ ቀን ቢበጠስ፣ ቤት ውስጥ በበራው ዕቃ ሁሉ አልፎ የመጣው ኃይል መመለሻ ያጣና ቀጥ ብሎ መኪናው ብረት ላይ ይወጣል። ሰው የሚጠብቀው ሽቦ ሰው የሚገድል ሆነ ማለት ነው።

ከኧርዙ ጎን አንድ ሌላ ጠባቂ አለ፤ አርሲዲ ይባላል። ብሬከር ይመስላል፤ ቲ የሚል ፊደል ያለባት ቁልፍ አለችው። ሥራው መቁጠር ነው! በፌዙ የሄደውንና በኑትራሉ የተመለሰውን ያመዛዝናል። እኩል ከሆኑ ዝም ይላል። 30 ሚሊ አምፒር ያህል ከጎደለ፣ የአንድ አምፒር 3 መቶኛ ማለት ነው፣ «አንዱ በሌላ መንገድ ወጥቷል፣ ምናልባት በሰው ሰውነት» ብሎ ከሰከንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ለመኪና ግን ተራው አይበቃም። መኪናው ውስጥ ዲሲ ስላለ፣ ዲሲ ሾልኮ ቢመጣ ተራውን አርሲዲ ያደነዝዘዋል። ስለዚህ ስትገዙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ሳጥኑ 6 ሚሊ አምፒር የዲሲ መከላከያ አለው?» ካለው ከላዩ ታይፕ ኤ የሚባለው አርሲዲ ይበቃዋል። ከሌለው ታይፕ ቢ ያስፈልጋል፤ እሱ ውድ ነው።

አሁን ሁሉንም እንደምርና ቤቱ ይችል እንደሆነ እንይ። የዋናውን ብሬከር ቁጥር አንብቡ። ለምሳሌ 40 ነው እንበል። ምጣዱ 16 አምፒር ያህል ይወስዳል። መኪናው 32 ከወሰደ ድምሩ 48 ነው፤ ብሬከሩ ሊወድቅና ቤቱ ሊጨልም ይችላል! መኪናው 16 ከወሰደ ግን 32 ሆኖ ለፍሪጁና ለመብራቱ 8 ይተርፋል። ታዲያ ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ሳጥኑ ላይ ያለውን ልክ ዝቅ ማድረግና ሰዓት ሞልቶ ሁሉም ሲተኛ እንዲጀምር ማዘዝ ነው። ሌሊት ምጣድም ምድጃም አይሠራም፣ ቮልቱም ከምሽቱ ይሻላል። ሌላው ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ስሪ ፌዝ ቆጣሪ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛም አለ፤ እሱ ደግሞ የንግግሩን ጥቅም ያሳያችኋል! አንዳንዱ ሳጥን ዋናው ሽቦ ላይ የምትጠለቅ ቀለበት አለው። ቀለበቷ ቤቱ በዚያች ቅጽበት ምን ያህል እየሳበ እንደሆነ ትነግረዋለች። እናታችሁ ምጣዱን ስታበራ ሳጥኑ ብልጭ ድርግሙን ያሳጥራል፤ መኪናው ይሰማና አሳሳቡን ይቀንሳል። ምጣዱ ሲጠፋ ያስረዝመዋል፤ መኪናው መልሶ ይጨምራል። ማንም ምንም አልነካም! ምጣዱና መኪናው በአንዲት ቀጭን ሽቦ ተግባብተው አደሩ።

«መብራት ቢሄድስ?» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። መብራቱ ሲሄድ ያ ወፍራም ማብሪያና ማጥፊያ የሚይዘው ኃይል ስለሚያጣ ራሱ ይለያያል። ሲመጣ ብዙዎቹ ሳጥኖች ንግግሩን ከሀ ይጀምሩታል፦ 12፣ 9፣ ብልጭ ድርግም፣ 6፣ ቋ! ቮልቱ ወርዶ 180 ቢሆን 180 በ32 ሲባዛ 5,760 ዋት ነው፤ መሙላቱ ይዘገያል። ሳጥኑን ግን ከዝናብና ከቀጥተኛ ፀሐይ በቆርቆሮ ከልሉት፤ ዕድሜው ይረዝማል።

እንግዲህ ተራውን ልብ በሉ። መጀመሪያ መኪናው በኤሲ ስንት እንደሚስብና መሰኪያው ጂቢቲ ይሁን ታይፕ 2 አጣሩ። ከዚያ በቀን የምትነዱትን ኪሎ ሜትር አስሉ፤ ተራው ኬብል ይበቃችሁ ይሆናል። ከዚያ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ዋናውን ብሬከር፣ የሽቦውን ውፍረትና ኧርዙን አስለኩ። ሳጥኑ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው! ገበያ ላይ ግን ሁላችንም የምንጀምረው ከሱ ነው።

በመጀመሪያው ሌሊት አንድ ሥራ ይቀራችኋል። ከሰካችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ውጡና ሶኬቱን ወይም የብሬከር ሳጥኑን ክዳን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ለብ ካለ ደህና ነው። ካቃጠለ ወይም የላስቲክ ሽታ ካለው ብሬከሩን አውርዳችሁ ባለሙያውን ጥሩ። ደህና ከሆነ ግን ገብታችሁ ተኙ፤ የቀረውን እነሱ ይነጋገሩበታል።